ኮምፒውተራችን የየት አገር ሰው ነው?

ኮምፒውተር ላይ ቀን ስትሞሉ «ይህ ቁጥር ለማሽኑ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን አንጠይቅም። ዛሬ ግን የትምህርት ማመልከቻውም፣ የፓስፖርት ቀጠሮውም፣ የሥራ ፍለጋውም በኮምፒውተር ሆኗል። አንድ የልደት ቀን በሌላ አቆጣጠር ከተነበበ የሰው ዕድሜ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዛባል። የዕድሜ ገደብ ላለው የትምህርት ዕድል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም የተጠቃሚውን ቋንቋና አገር ከየት እንደሚያገኝ፣ ያገኘውስ ለእኛ ይበቃን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ።

በምሳሌ እንጀምር። 05/06/2016 ተብሎ ተጽፏል እንበል። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 5 ቀን 2016 ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩወሪ 13 ቀን 2024 ማለት ነው። ያው ቁጥር ለእንግሊዝ ሰው ጁን 5 ቀን 2016 ሲሆን ለአሜሪካዊ ደግሞ ሜይ 6 ቀን 2016 ነው። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ቀን!

ሎኬል ምንድን ነው?

ፕሮግራም ሠሪዎች ይህን ግራ መጋባት የሚፈቱት «ሎኬል» በሚባል ነገር ነው። ሎኬል የቋንቋና የአገር ምልክት ጥምር ነው፤ «አማርኛ፣ ኢትዮጵያ» አንድ ሎኬል ነው፣ «ኦሮምኛ፣ ኢትዮጵያ» ሌላ፣ «ትግርኛ፣ ኢትዮጵያ» ሌላ፣ «ትግርኛ፣ ኤርትራ» ደግሞ ሌላ። ከእያንዳንዱ ጋር የቀን አጻጻፍ፣ የወራትና የዕለታት ስም፣ የገንዘብ ምልክት፣ የፊደል ቅደም ተከተል ተያይዞ ይቀመጣል። ይህን መረጃ ለዓለም ቋንቋዎች ሰብስቦ የሚያሰራጨው የዩኒኮድ ኮንሰርቲየም ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ዊንዶውስም ከቪስታ (እ.ኤ.አ. 2007) ጀምሮ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጥቷል።

ፕሮግራሙ እንዴት ያውቃል?

ፕሮግራሙ ራሱ አይገምትም፤ የሚሠራበትን ሥርዓት ይጠይቃል። በሊኑክስ «ላንግ» የሚባል መቼት አለ፤ ለቀን ብቻ «ኤል-ሲ-ታይም» አለ፤ ሁሉንም የሚሽረው ደግሞ «ኤል-ሲ-ኦል» ነው። በዊንዶውስ መልሱ ያለው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ሪጅን» ከሚለው ቦታ ነው። ብሮውዘር ላይ ያለ ገጽም በጃቫስክሪፕት ቢጠይቅ ሎኬሉን፣ የቀን አቆጣጠሩን፣ የቁጥሩን ዓይነትና የሰዓት ቀጠናውን ባንድ ላይ ይነገረዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አታምታቱ። የምናነባቸው ትእዛዞች ቋንቋ ሌላ ነው፣ የቀንና የቁጥር አቀራረብ ሌላ ነው። ትእዛዙ እንግሊዝኛ ሆኖ ቀኑ በኢትዮጵያ አቀራረብ ሊሆን ይችላል። ቋንቋውን ብቻ ጠይቆ አገሩን ያልጠየቀ ፕሮግራም እንግሊዝኛ ያየውን ሁሉ አሜሪካዊ ያደርገዋል።

ኢትዮጵያ ማለት ብቻ አይበቃም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። መቼታችሁን «አማርኛ፣ ኢትዮጵያ» ብታደርጉም በዩኒኮድ መረጃ ለኢትዮጵያ በቅድሚያ የተቀመጠው አቆጣጠር የፈረንጆቹ ነው፤ የእኛው ሁለተኛ ነው። መስከረምና ጥቅምትን የሚፈልግ ፕሮግራም «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ ለብቻው መጠየቅ አለበት። አለዚያ ወሩን «ሴፕቴምበር» ብሎ በአማርኛ ፊደል ይጽፍልናል። ፊደሉ የእኛ፣ ቀኑ የነሱ!

ውጤቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሆለታ ውስጥ ብዙ ሰው ቅጽ የሚያስሞላው በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤቶች ነው። ጥቅምት 30 ቀን 1996 የተወለደ ልጅ እንደለመደው 30/02/1996 ቢያስጽፍ ቅጹ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይለዋል፤ ፌብሩወሪ 30 ቀን የለውማ! ትክክለኛው ኖቬምበር 10 ቀን 2003 ነበር። ጸሐፊው ተቻኩሎ 30ውን 28 ካደረገለት ቅጹ ያልፋል፣ ልጁም ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ያረጃል። በእኔ እምነት አልቀበልም ከሚለው ቅጽ ይልቅ ዝም ብሎ የተቀበለው ነው የሚያስፈራው። ጳጉሜ የተወለደውማ ጭራሽ 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያገኝም።

ከተማችን ደግሞ ሌላም ጉዳይ አላት። እዚህ አማርኛም ኦሮምኛም ይነገራል፤ የመሥሪያ ቤት ወረቀቱ በኦሮምኛ ነው። በአማርኛ «መስከረም» ካልን የእኛ፣ «ሴፕቴምበር» ካልን የፈረንጅ መሆኑ ከስሙ ይታወቃል። በኦሮምኛ ግን «ፉልባና» መስከረምም ነው፣ ሴፕቴምበርም ነው። የወሩን ስም በማየት ብቻ አቆጣጠሩን መለየት አይቻልም፤ ዓመቱን ማየት፣ ካልሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሰዓቱስ?

ኮምፒውተሩ የሰዓት ቀጠናችን አዲስ አበባ መሆኑን፣ ከግሪኒች በሦስት ሰዓት እንደምንቀድም በትክክል ይነግራል። እኛ ግን ቀኑን ከንጋት 12 ሰዓት ጀምረን ስለምንቆጥር እሱ 9 ሲል እኛ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» እንላለን። ይህን የስድስት ሰዓት ልዩነት ሎኬሉ አያውቀውም፤ ፕሮግራም ሠሪው ራሱ አስቦ መጨመር አለበት። ለ3 ሰዓት ቀጠሮ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ የሚደርስ ሰው የሚኖረው ለዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

ፕሮግራም ለሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች፦ ቋንቋን፣ አገርንና አቆጣጠርን ለየብቻ ጠይቁ። ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል አንድ ወጥ መልክ አስቀምጡና ለተጠቃሚው ስታሳዩ ብቻ በሚገባው አቆጣጠር ለውጡት። ከቀን መሙያው ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምርጫ ማድረግ ብዙ ወጪ የለውም እኮ።

ቅጽ ለምናስሞላው ደግሞ፦ የልደት ቀናችንን በሁለቱም አቆጣጠር በወረቀት ጽፈን እንያዝ፤ «ላክ» የሚለው ከመነካቱ በፊትም የወሩን ስም ጮክ ብለን እናስነብብ። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ትምህርቱ ያው ነው፦ አቆጣጠሩ ያልተጻፈበት ቀን ገና ያልተጣራ መረጃ ነው።