በዓሣ እሾህ የሚገባው ባክቴሪያ

እ.ኤ.አ. በ1996 የበጋ ወራት በእስራኤል ሆስፒታሎች ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ሕመምተኞች ይበዙ ጀመር። እጃቸው ቀልቶ አብጧል፤ ያተኩሳቸዋል፤ የአንዳንዶቹ ሕመም ወደ ደም ዘልቋል። ሲጠየቁ የሚናገሩትም ይመሳሰል ነበር፤ ቆሮሶ ዓሣ ሲያጸዱ እሾሁ ወግቷቸዋል። በዚያ ዓመትና በተከታዩ 62 ሰዎች ታመሙ። መንስኤው ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የተባለ ባክቴሪያ፣ ያውም ከዚያ በፊት ያልታወቀ ዓይነቱ ሆኖ ተገኘ።

ዓሣው በኩሬ የረባ ነው፤ ለዓመታት ሲበላ ኖሯል። የተለወጠው አሻሻጡ ነበር። ቀድሞ በበረዶ ታሽጎ፣ ሞቶ ይሸጥ የነበረው ዓሣ በዚያ ዓመት ከነሕይወቱ ይሸጥ ጀመር። ለገዢው ከዚህ የበለጠ ትኩስ ነገር የለም። በሕይወት ያለ ዓሣ ግን እጅ ላይ ይንፈራገጣል፣ በጀርባው እሾህም ይወጋል።

ስለ ባሕር ምግብ ሲወራ ብዙዎቻችን የምንፈራው የቆየውን፣ የሸተተውን ነው። ይህ ባክቴሪያ ግን ከብልሽት አይመጣም፤ ፍሳሽ ያመጣውም አይደለም። መኖሪያው ራሱ ውኃው ነው፤ በተለይ ወንዝ ከባሕር የሚቀላቀልበት፣ ጨውነቱ መካከለኛ የሆነ ውኃ። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ በብዛት ይራባል። ንጹሕ በሚባል የባሕር ዳርቻም ይገኛል።

በአሜሪካ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ደግሞ ዋናው መንገዱ ኦይስተር ነው። ይህ ቅርፊታም እንስሳ ውኃ እያጣራ ምግቡን ስለሚለቅም (አንዱ በቀን እስከ 190 ሊትር ሊያሳልፍ ይችላል) በውኃው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሰውነቱ ውስጥ ይከማቻል። መልኩም፣ ሽታውም፣ ጣዕሙም አይለወጥም። ሎሚ ቢጨመቅበት፣ የሚያቃጥል ሚጥሚጣ ቢነሰነስበት ባክቴሪያው አይሞትም። የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2003 ከዚያ ባሕረ ሰላጤ በሞቃት ወራት የሚመጣ፣ ባክቴሪያውን የሚቀንስ ሕክምና ያልተደረገለት ጥሬ ኦይስተር እንዳይሸጥ ስትከለክል፣ በዚህ ምክንያት የሚሞተው ሰው ቁጥር ወደ ዜሮ ተጠጋ። እንዲህ ያለ ውጤት በአንድ ደንብ ሲገኝ ማየት እምብዛም ነው።

ታዲያ አንዱ በልቶ ደኅና ሲያድር ሌላው ለምን ይሞታል? ምሥጢሩ በአብዛኛው ብረት ላይ ነው። ባክቴሪያው ለመራባት ብረት ያስፈልገዋል፤ ጤነኛ ሰውነት ደግሞ ብረቱን ከፕሮቲን ጋር አጥብቆ አስሮ ይይዘዋል። ጉበቱ የታመመ ወይም በሰውነቱ ብረት የተከማቸበት ሰው ላይ ግን ይህ እስር ይላላል፤ ባክቴሪያውም በሚያስደነግጥ ፍጥነት ይራባል። የስኳር ሕመምተኞችም የበለጠ ይጋለጣሉ። ከሚያዙት ከአምስቱ አንዱ ያህል ይሞታል፤ አንዳንዱ ሕመሙ በጀመረው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ።

ባሕሩ በሞቀ ቁጥር የባክቴሪያው ግዛትም ይሰፋል። በምሥራቅ አሜሪካ በቁስል የሚገባው ሕመም እ.ኤ.አ. በ1988 በዓመት 10 ሰው ገደማ ይይዝ ነበር፤ በ2018 ግን ወደ 80 ደርሷል። ሕመሙ የሚታይበት የሰሜን ወሰንም በየዓመቱ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ገፍቷል።

ይህን ስጽፍ በእስራኤልም ሆነ በዓረብ አገሮች በየሰው ኩሽና ዓሣና ሽሪምፕ የሚያጸዱ እህቶቻችን ይታወሱኛል። እጅ ላይ ቁስል ካለ ወፍራም ጓንት ሳያደርጉ ጥሬ ዓሣ መንካት አይገባም፤ እሾህ ከወጋም ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። እብጠቱ በሰዓታት ውስጥ ከጨመረ፣ ቆዳው ከጠቆረ ወይም ውኃ ከቋጠረ እስኪነጋ አይጠበቅም። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱም በመጀመሪያ የሚነገረው «ዓሣ ወግቶኝ ነበር» የሚለው ነው፤ ተገቢው አንቲባዮቲክ ሳይዘገይ የሚጀመረው ሐኪሙ ይህን ሲያውቅ ነውና።