የአይረን ክኒን «አልተስማማኝም» ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት

ደረጃ ስትወጡ ልብ ድው ድው ይላል፣ ብድግ ስትሉ ያዞራችኋል፣ ፀጉር ይረግፋል፣ እንቅልፍ ጠግባችሁም ድካሙ አይለቅም። ተመረመራችሁ፤ «ደም ማነስ ነው፣ አይረን ውሰዱ» ተባለ። ክኒኑን ገዝታችሁ ጀመራችሁ። በሳምንቱ ሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም መጣ። ከዚያ ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ቀረ፤ ድካሙም እንዳለ ቀጠለ።

ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ አለባቸው። የሁሉም መንስኤ የአይረን እጥረት ባይሆንም ዋነኛ ከሚባሉት አንዱ እሱ ነው። ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው አንድ ነገር ነው፦ ክኒኑ ካስቸገራችሁ መጀመሪያ የሚስተካከለው አወሳሰዱ ነው። መተው የመጨረሻው ነገር ነው።

መጀመሪያ ምርመራ

ድካም ሁሉ የአይረን እጥረት አይደለም። ሰውነት ትርፍ አይረንን በቀላሉ ስለማያስወግድ በግምት አይጀመርም። ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ከተቻለ ፌሪቲንም ይታይላችሁ። ሄሞግሎቢን ኪስ ውስጥ ያለ ብር ነው ብንል፣ ፌሪቲን ባንክ ያለው ቁጠባ ነው። ቁጠባው አልቆ ኪሱ ገና ሙሉ ሊመስል ይችላል።

ከፍታም ለውጥ ያመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮ ከፍ ስለሚል፣ ላልፀነሰች ሴት የተቀመጠው 12 የሚለው መነሻ እዚህ ተስተካክሎ ነው የሚነበበው። ስለዚህ ውጤታችሁ 12.3 ሆኖ «ኖርማል ነው» ከተባላችሁ ከፍታው ታስቦ እንደሆነ ጠይቁ።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አይረኑ አይደለም

ፋርማሲ ስትሄዱ የሚያደናግረው ይሄ ነው። የተጻፈው ሚሊግራም ብዙ ጊዜ የጠቅላላው ውህድ ክብደት ነው፤ ውስጡ ያለው ንጹህ አይረን ከዚያ በጣም ያንሳል።

• ፌረስ ሰልፌት 325 ሚ.ግ፦ ወደ 65 ሚ.ግ አይረን
• ፌረስ ፉማሬት 200 ሚ.ግ፦ ወደ 65 ሚ.ግ አይረን
• ፌረስ ግሉኮኔት 300 ሚ.ግ፦ ወደ 35 ሚ.ግ አይረን

ግሉኮኔት «ለሆድ ይቀላል» የሚባለው በአብዛኛው አይረኑ ስለሚያንስ ነው። ለጨጓራ እንዲስማሙ ተብለው ቀስ ብለው እንዲሟሙ የተሠሩትም ቢሆኑ፣ አይረን በደንብ የሚገባበትን የአንጀት ክፍል ካለፉ በኋላ ሊሟሙ ይችላሉ። ውድ ስለሆነ ይበልጣል ማለት አይደለም። ከውጭ የሚላኩ እንደ ከረሜላ የሚታኘኩ ቫይታሚኖችም ብዙዎቹ አይረን የላቸውም፤ ጀርባውን አንብቡ።

ብዙ መዋጥ ብዙ ማግኘት አይደለም

አይረን ስትወስዱ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን እንደ ዘበኛ ነው፤ «ለዛሬ በቃ» ብሎ በሩን አንድ ቀን ያህል ያጠብባል። በዚህ ሰዓት የምትጨምሩት ክኒን አብዛኛው ሳይገባ አንጀት ውስጥ ይቀራል፤ ሆድ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ለዚህ ነው አሁን ብዙ ሐኪሞች በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከማዘዝ ይልቅ በቀን አንዴ፣ ወይም አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለልን የሚመርጡት። ካስቸገራችሁ ይህንን አንስታችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። ነፍሰ ጡሮች ግን የታዘዘላችሁን በራሳችሁ አትቀይሩ።

ሆዳችሁ እንዲችለው

• በባዶ ሆድ የበለጠ ይገባል፤ ካቅለሸለሻችሁ ግን ከትንሽ ምግብ ጋር ውሰዱት። ትንሽ ቀንሶ መግባቱ ጨርሶ ከማቋረጥ ይሻላል።
• ቡናና ሻይን ከክኒኑ 1 ሰዓት በፊትና 2 ሰዓት በኋላ ተዉት። ወተትም እንደዚያው። በውኃ ዋጡት።
• የጨጓራ መድኃኒት የአይረንን መግባት ይቀንሳል። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ዶክሲሳይክሊን ወይም የታይሮይድ መድኃኒት ከአይረን ጋር አብሮ ከተወሰደ ደግሞ ሥራው ይዳከማል። ስንት ሰዓት ማራራቅ እንዳለባችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።
• ለድርቀት ውኃ፣ አትክልት፣ የተልባ ውኃ።
• ጾም የምትውሉ ከሆነ ጾሙን ስትፈቱ ከምግብ ጋር ይሁን፤ ቡናው ትንሽ ይቆይ።
• ሰገራ መጥቆሩ የሚጠበቅ ነው፤ አትደንግጡ። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና በጣም የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ከሆድ ሕመምና ከማዞር ጋር ከመጣ ግን ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ።

«ጤፍ እየበላን እንዴት?»

ጤፍ አይረን አለው። ነገር ግን ሲለካ የሚገኘው ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው። እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴትም አይረኑን ይይዘዋል፤ የሊጡ መቡካት ይህንን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ሽሮና ምስር ስትበሉ ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ጨምሩበት፤ ቫይታሚን ሲ ከእህል የሚገኘው አይረን እንዲገባ ያግዛል። እጥረቱ ከገባ በኋላ ግን ምግብ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም።

እስከ መቼ?

ሄሞግሎቢን በ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ከፍ ማለት ይጀምራል። «ተሻለኝ» ብላችሁ እዚያ አታቁሙ፤ ቁጠባው እንዲሞላ ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም 3 ወር ያህል ይቀጠላል። በትክክል ወስዳችሁ ካልጨመረ ምክንያቱ ይፈለግ፦ ከባድ የወር አበባ፣ ኤች ፓይሎሪ፣ የጨጓራ ቁስለት፣ መንጠቆ ትል። በተለይ ወንዶች የአይረን እጥረት ከተገኘባችሁ ክኒን ገዝቶ ዝም ማለት አይሆንም፤ የሆነ ቦታ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ክኒኑን በምንም መንገድ ለማይችሉ በደም ሥር የሚሰጥ አይረን አለ።

አንድ ነገር አደራ፦ ክኒኑን ሕፃናት ከማይደርሱበት አስቀምጡ። ለእናንተ መድኃኒት የሆነው ለሕፃን ገዳይ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ክኒኗን ጀምራ መሳቢያ ውስጥ የተወች እህት ወይም ጓደኛ ካለቻችሁ ይህንን ላኩላት።