የሐይቅ ዳር ቤትና የኪራይ ገቢው፦ ተረትና እውነታ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ቤት ገዝቶ ማከራየት የቆየ ወሬ ነው። አሁን ደግሞ ወሬው ከከተማ ወጥቶ ሐይቅ ዳር ደርሷል። ከዲሲ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ሲነዱ የቨርጂንያው ሌክ አና አለ። ወደ ምዕራብ ሜሪላንድ ሦስት ሰዓት ያህል ሲነዱ ደግሞ ዲፕ ክሪክ ሌክ ይገኛል። ሁለቱም ሰው ሠራሽ ሐይቆች ናቸው፤ ሁለቱም ጋ ቅዳሜና እሁድን ከውሃ ዳር ለማሳለፍ የሚመጣ ቤተሰብ ሞልቷል። ቤቱ ገንዘብ ሊያስገኝ እንደሚችል አያጠራጥርም። ችግሩ ገቢው የሰመር፣ ወጪው ግን የዓመት መሆኑ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ተረቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ነው።

ተረት 1፦ «በአዳር 400 ዶላር ካከራየሁት፣ በዓመት ከ140 ሺህ ዶላር በላይ ነው።»

እውነታው፦ 400ን በ365 ማባዛት ቀላል ነው፤ 146,000 ይሆናል። ነገር ግን ይህ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። የሐይቅ ዳር ቤት ዋናው ገበያ በሜይ መጨረሻ ከሜሞሪያል ዴይ ጀምሮ በሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ሌበር ዴይ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ይህ 14 ሳምንት ያህል፣ ማለትም 98 አዳር ነው። ከዚያም ውስጥ የሥራ ቀናቱ እንደ ቅዳሜና እሁድ አይፈለጉም፤ ትምህርት ቤት ሲቃረብም ቤተሰቦች ይመለሳሉ።

እንበልና ከሰመሩም ከሌላውም ወቅት ተጠራቅሞ 90 አዳር ተከራየ። 36,000 ዶላር ገባ ማለት ነው። ቤቱን የሚያስተዳድር ድርጅት 25 በመቶ ከወሰደ 27,000 ይቀራል፤ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 2,250 ዶላር ነው። የወሩ ሞርጌጅ 3,000 ከሆነ ባለቤቱ በየወሩ 750 ከኪሱ ይጨምራል። መብራት፣ ኢንተርኔት፣ የንብረት ታክስ፣ ኢንሹራንስና ጥገና ገና አልተነሡም። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ ስሌቱ ግን በማንኛውም ቤት ላይ ይሠራል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በአዳር ስንት ነው?» ሳይሆን «በዓመት ስንት አዳር ይከራያል?» የሚለው ነው።

ተረት 2፦ «ውሃ ዳር እስከሆነ ድረስ ሁሉም ቤት አንድ ነው።»

እውነታው፦ ሌክ አናን ብቻ ብንወስድ ሁለት ሐይቅ ነው ማለት ይቻላል። 13,000 ኤከር ያህል የሚሸፍነው ይህ ሐይቅ የተሠራው በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የኖርዝ አና የኑክሌር ኃይል ማመንጫን ለማቀዝቀዝ ነው። ትልቁ ክፍል ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ጀልባውን ጎትቶ መጥቶ ሊያስገባ ይችላል። ሌላው ክፍል የግል ነው፤ የሚጠቀሙበት በዳርቻው ያሉ ባለንብረቶችና እንግዶቻቸው ናቸው። ከማመንጫው የሚወጣው ሞቅ ያለ ውሃ የሚፈሰው ወደዚሁ ወደ ግሉ ክፍል ስለሆነ የአካባቢው ሰው «ሆት ሳይድ» ይለዋል። ጸጥታ የሚፈልግ እንግዳና በጀልባ ወዲያ ወዲህ ማለት የሚፈልግ እንግዳ አንድ ዓይነት ቤት አይከራዩም።

ዲፕ ክሪክ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። አጠገቡ ዊስፕ የሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ስላለ ክረምትም እንግዳ ይመጣል። በሌላ በኩል እዚያ የጀልባ ማሰሪያ ዶክ ለማኖር የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቤቱን መግዛት ብቻውን አይበቃም።

በማስታወቂያ ላይ «ዋተርፍሮንት» እና «ዋተር አክሰስ» የሚሉትንም መለየት ያሻል። የመጀመሪያው ቤቱ ራሱ ውሃው ላይ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ውሃው የሚገኘው በሰፈሩ የጋራ ዳርቻ በኩል ነው ማለት ሲሆን፣ ተከራይ በዚያ መጠቀም መቻል አለመቻሉን የሚወስነው የሰፈሩ ማኅበር ሊሆን ይችላል።

ውሃውም ሁልጊዜ ለዋና አይሆንም። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የቨርጂንያ ጤና መምሪያ በበርካታ ሰመሮች በሌክ አና የላይኛው ክፍል ጎጂ አልጌ ተከሥቷልና አትዋኙ የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አልጌው የሚራባው ውሃው ሲሞቅ፣ ሲረጋና እንደ ፎስፈረስ ያለ ንጥረ ነገር ሲበዛበት ነው። ይህም የሚሆነው ኪራዩ በሚደራበት ወቅት ነው። ቤቱ ያለበት የሐይቁ ክፍል ባለፉት ዓመታት ማስጠንቀቂያ ወጥቶበት እንደሆነ ሳያጣሩ መግዛት አይገባም።

ተረት 3፦ «ብዙ ፍራሽ ባነጠፍኩ ቁጥር ብዙ ሰው፣ ብዙ ገንዘብ።»

እውነታው፦ ሐይቅ ዳር ያሉ ብዙ ቤቶች ከከተማ ፍሳሽ መስመር ጋር አይገናኙም፤ ያላቸው ሴፕቲክ ታንክ ነው። ቨርጂንያ ውስጥ ሴፕቲኩ የሚሠራው በመኝታ ክፍሎች ቁጥር ተለክቶ ነው፤ ለአንድ መኝታ ክፍል በቀን 150 ጋሎን፣ ማለትም ለሁለት ሰው ያህል ይታሰባል። ለሦስት መኝታ ክፍል በተሠራ ሴፕቲክ ላይ 14 ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ሲታጠብ፣ ያልተጣራው ቆሻሻ ወይ ግቢው ላይ ሊወጣ፣ ወይ ሰው ወደሚዋኝበት ውሃ ሊሄድ ይችላል። ፍሳሽ ማስወገጃውን አፍርሶ እንደገና መሥራት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የእንግዳውን ቁጥር የሚወስነው የፍራሹ ብዛት ሳይሆን የሴፕቲኩ ፈቃድ ነው።

ተረት 4፦ «ባንኩን ሁለተኛ ቤቴ ነው ብለው ይቀለኛል።»

እውነታው፦ ለሁለተኛ መኖሪያ የሚሰጥ ብድር ዳውን ፔይመንቱ ከ10 በመቶ ሊጀምር ይችላል፤ ለኪራይ ንብረት ግን ቢያንስ 15 በመቶ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይጠየቃል፤ ወለዱም ይጨምራል። ልዩነቱ ብዙዎችን ያጓጓል። ነገር ግን ሁለተኛ ቤት የሚባለው ባለቤቱ በዓመቱ ውስጥ የተወሰነ ጊዜ የሚኖርበትና አጠቃቀሙ በእጁ ያለ ቤት ነው። አንድ ቀን ለማደር ሳያስቡ እንዲያ ብሎ መፈረም አበዳሪን ማታለል ነው፤ በፌዴራል ሕግም ያስጠይቃል።

ተረት 5፦ «ቤቱ ኢንሹራንስ አለው፤ የቀረውን ኤርቢኤንቢ ይከፍላል።»

እውነታው፦ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ ቤትን እንደ ንግድ ማከራየትንም ብዙ ጊዜ ያገልላል። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል። በፌዴራል መንግሥቱ ፕሮግራም በኩል ሲገዛ ጣሪያው ለቤቱ 250,000፣ ለዕቃው 100,000 ዶላር ነው። ሥራ የሚጀምረውም ብዙውን ጊዜ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ዝናቡ ከተተነበየ በኋላ መሮጥ ዋጋ የለውም። የኤርቢኤንቢ ጥበቃ ቢኖርም ኩባንያው ራሱ የኢንሹራንስ ምትክ አይደለም ይላል። ውሃና ዶክ ባለበት ቤት ሕፃን አዳልጦት ቢወድቅ የሚከሰሰው ባለቤቱ ነውና፣ ለአጭር ጊዜ ኪራይ የተዘጋጀ ፖሊሲ መግዛት ግድ ነው።

ተረት 6፦ «እኛም ዘመዶቻችንም እንዝናናበታለን፤ ኪሳራው ደግሞ ከታክስ ይቀነሳል።»

እውነታው፦ በዓመት ከ15 ቀን በታች ብቻ ለሚያከራይና ራሱም በቤቱ በሚገባ ለሚጠቀም ሰው የኪራዩ ገቢ ከፌዴራል ታክስ ነፃ ነው፤ በምላሹ የኪራይ ወጪ መቀነስ አይችልም። ከዚያ በላይ ለሚያከራይ ግን ሌላ መስመር አለ። የግል አጠቃቀሙ ከ14 ቀን ወይም ቤቱ ከተከራየባቸው ቀናት 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው ካለፈ፣ ቤቱ እንደ መኖሪያ ይቆጠርና ወጪዎቹ ከኪራይ ገቢው በላይ ኪሳራ ሊያሳዩ አይችሉም። ከላይ ባየነው የ90 አዳር ምሳሌ ወሰኑ 14 ቀን ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ባህል ያስከፍላል። ወንድም ወይም እናት ያደሩበት ቀን ቢከፍሉም የግል አጠቃቀም ነው። ለጓደኛ «የነዳጅ ብቻ ስጠኝ» ብለን የሰጠነው ቀንም፣ ዋጋው ከገበያው በታች ስለሆነ፣ እንዲሁ ይቆጠራል። ቤቱን ለመጠገን የዋሉበት ቀን ግን አይቆጠርም።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚነገረው «ኪሳራውን ከደመወዝህ ቀንስ» የሚለው ምክርም ሁኔታ አለው። የእንግዶች ቆይታ በአማካይ 7 ቀን ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ባለቤቱ በሥራው በእርግጥ መሳተፉን በሰዓት ማሳየት አለበት። ከመለኪያዎቹ አንዱ በዓመት ከ500 ሰዓት በላይ መሥራት ነው፤ ሌላው ከ100 ሰዓት በላይ ሠርቶ ከማንም፣ ከጽዳት ሠራተኛዋም ጭምር፣ አለመበለጥ ነው። ሁሉን ለአስተዳዳሪ ድርጅት የሰጠ ሰው ይህን ማሟላት ይከብደዋል።

ተረት 7፦ «የገዛሁት ቤት ነው፤ ማን ይከለክለኛል?»

እውነታው፦ ካውንቲውም የሰፈሩ ማኅበርም ሊከለክሉ ይችላሉ። ሌክ አና በሉዊዛ፣ በስፖትሲልቫኒያና በኦሬንጅ ካውንቲዎች ላይ የተዘረጋ በመሆኑ በአንድ ሐይቅ ዙሪያ የተለያየ ሕግ ሊያጋጥም ይችላል። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ደግሞ ካውንቲው የፈቀደውን አጭር ኪራይ ሊያግድ ይችላል።

ስለዚህ የሐይቅ ዳር ቤት የሚያዋጣው ሞርጌጁን ያለ ኪራይ መክፈል ለሚችልና ኪራዩን እንደ ድጎማ ለሚያይ ሰው ነው። ኪራዩ ካልመጣ ዕዳው የሚያንቀው ሰው ይቅርበት። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት አራት ነገር በእጅዎ ያስገቡ፦ የቤቱን ያለፉት ሁለት ዓመታት የኪራይ መዝገብ፣ የሴፕቲኩን ፈቃድ፣ የሰፈሩን ማኅበር ደንብ እና የጎርፍ ኢንሹራንስ ዋጋ። ሻጩ አንዱን እንኳ ለማሳየት ካንገራገረ ቀብድዎን አይስጡ።