አሮጌ ሞተር ሳይክል ሲታደስ፦ ማስነሻውና ኤሌክትሪኩ እንዴት ይመረጣል?

ከደብረ ታቦር በስተደቡብ የምትገኘው መካነ ኢየሱስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የእስቴ ምድር ከጉና ተራራ አካባቢ ደጋ እስከ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ይዘልቃል። መኪና በማይገባበት በዚህ መልክዓ ምድር የግብርና ባለሙያውንም ኾነ የጤና ሠራተኛውን ከአርሶ አደሩ ደጅ የሚያደርሰው ሞተር ሳይክል ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊቆይ የሚገባው ክትባት በበረዶ ሳጥን ተጭኖ ሳለ ሞተሩ አልነሳ ካለ፣ የሚባክነው ጊዜ ብቻ አይደለም።

እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ያማሃ ኤጂ 100 ያሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች የኢትዮጵያን ገጠር ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል። ኤጂ የሚለው ስያሜ ራሱ ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። ፒስተናቸውና ማርሻቸው ታድሶ ዳግም መሥራት የሚችል ብዙ ሞተር ግን በኤሌክትሪክ ጉድለት ከግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ስለዚህ እድሳት ሲታሰብ አስቀድሞ መልስ የሚሻው ጥያቄ ይህ ሞተር በምን ይነሳል? የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ በእግር መርገጫና በሞተሪኖ መካከል ነው። ሞተሪኖ ምቹ ቢኾንም በአንድ ጊዜ በርካታ አምፔር ይስባል፤ ትልቅና ጤነኛ ባትሪም ይፈልጋል። በብርድ ደግሞ የባትሪ ጉልበት ይቀንሳል። ከፋብሪካው በእግር ብቻ እንዲነሳ የተሠራ ሞተር ሞተሪኖ የሚታሰርበት ቦታም ኾነ የሚያያዝበት ጥርስ የለውም። በመኾኑም እንደ ኤጂ 100 ላለ አነስተኛ ሞተር የእግር መርገጫውን ጥርስና ስፕሪንግ ማደስ ይበጃል። ባለ አራት ምቱ ኤጂ 200 ሁለቱንም ይዞ የተሠራ በመኾኑ፣ ሞተሪኖው ቢሠራም መርገጫውን አውልቆ መጣል አይገባም።

ሁለተኛው ምርጫ የካንዴላው እሳት ከየት ይምጣ የሚለው ነው። በቀደሙት ሞተሮች፣ ማግኔት የያዘው ቮላኖ ሲሽከረከር በውስጡ ባለው ጥቅልል ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ፑንቲናው ሲከፈት ቦቢናው ያንን ኃይል አጉልቶ ወደ ካንዴላ ይልካል። የዚህ አሠራር ትልቁ ጸጋ ባትሪ ባይኖርም መሥራቱ ነው። ፑንቲናው ቢቆሽሽ ይጸዳል፤ ክፍተቱም አምራቹ ባዘዘው ልክ ይስተካከላል፤ ይህም በብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ጉድለቱ ደግሞ ፑንቲናው በሥራ ብዛት መበላቱና እሳቱ የሚሰጥበትን ቅጽበት ማዛባቱ ነው።

ሲዲአይ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ማቀጣጠያ የሚፋጭ አካል የለውም። ኃይሉን በካፓሲተር አጠራቅሞ በትክክለኛው ቅጽበት ይለቅቀዋል። ነገር ግን ሲበላሽ በካቻቢቴና በሞረድ አይጠገንም፤ የሚለወጥ ብቻ ነው። ከመግዛት በፊት ዓይነቱን መለየትም ያስፈልጋል። አንደኛው ኃይሉን በቀጥታ ከማግኔቱ ያገኛል፤ ሌላኛው ከባትሪ። ከጋራዥ ርቆ ለሚሠራ ሰው የሚመከረው የመጀመሪያው ነው፤ ባትሪው ቢሞትም ሞተሩ ይነሳል። በባትሪ የሚሠራው ግን ባትሪው ፈጽሞ ከደከመ በሁለተኛ ማርሽ ቢገፋም እንኳ ላይነሳ ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳይ 6 ቮልት ወይስ 12 ቮልት የሚለው ነው። 25 ዋት የፊት መብራት በ6 ቮልት ከ4 አምፔር በላይ ሲስብ፣ በ12 ቮልት የሚበቃው 2 አምፔር ገደማ ነው። በዛገ ማያያዣ ላይ 1 ቮልት ቢጠፋ ከ6 ቮልቱ አንድ ስድስተኛው ይጎድላል፤ ከ12ቱ ግን አንድ አሥራ ሁለተኛው ብቻ። ባለ 12 ቮልት ባትሪና አምፖል ባጃጅን ጨምሮ በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች ስለሚገኝ መለዋወጫውም ይቀላል። ኾኖም ለውጡ ባትሪን በመቀየር ብቻ አያበቃም። አምፖሉ፣ ጡሩምባው፣ የፍሬቻው ማብለጭለጫ፣ ሬክቲፋየሩና ሬጉሌተሩ አብረው መለወጥ አለባቸው። ቦቢናው ከባትሪ የሚመገብ ከኾነ እርሱም ይለወጣል።

የሽቦ ሥራው ቸል የሚባል አይደለም። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ማስገባት የቃጠሎን አደጋ ይቀንሳል። ቀለምና ዝገት ኤሌክትሪክ ስለሚያግዱ ከሞተሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ የራሱ ገመድ ቢዘረጋ መልካም ነው። በአንዳንድ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተሮች ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ በመኾኑ፣ ይህን ሳያረጋግጡ ማገናኘት ሬክቲፋየሩን ያቃጥላል። የክረምቱ ጭቃና ውኃ እንዳይገባም ማያያዣዎቹ በግራሶ መሸፈን አለባቸው።

የማይነሳ ሞተር ሁሉ ግን የኤሌክትሪክ በሽተኛ አይደለም። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ካርቡራቶሩ ለቆላ የተስተካከለ ከኾነ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው በጥላሸት ይታፈናል። በተቃራኒው ለደጋ ተብሎ ቤንዚኑ ከልክ በላይ ከተቀነሰ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ሞተሩ ይግላል፤ ፒስተኑም ሊጣበቅ ይችላል።

ስለኾነም መለዋወጫ ከመገዛቱ በፊት ካንዴላው ተፈትቶ፣ ከፈሰሰ ቤንዚን ርቆ፣ ብረቱ ከሞተሩ አካል ጋር ተነካክቶ መርገጫው ይረገጥ። ብርቱ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ጉድለቱ ከነዳጁ በኩል ይፈለግ። ብልጭታው ደካማ ከኾነ ወይም ከሌለ ከካንዴላው ወደ ቦቢናው፣ ከዚያም ወደ ፑንቲናው እየተመለሱ መመርመር ነው። ገንዘብ ሲያጥርም ቅድሚያ የሚሰጠው ባትሪ ለማይፈልግ እሳት፣ ቀጥሎ ለሚያስተማምን መብራት ነው፤ ሞተሪኖ የመጨረሻው ነው።