ስለ አሮጌ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ አጠባበቅ፥ በእጅ ሥራም አስጊጦ በቤት ስለ መስቀል

ከቀድሞ ጀምሮ በአገራችን የአባትና የአያት ስም የሚጠበቀው በቃል ነበር። ልጅ ሰባት ቤት ቈጥሮ የትውልዱን ሐረግ ያውቅ ዘንድ ሽማግሌዎች ያስጠኑታል፤ ይህም ለጋብቻ ሥርዓትና ለርስት ክርክር ይጠቅም ነበር። የሰውን ፊት ግን ቃል ሊያቈየው አይችልም። የግንባሩ ስፋት፥ የዓይኑ አኳኋን፥ ጋቢ አደራረቡ፥ ያየው ሰው ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ፎቶግራፍ የሚባለው ጥበብ ይህን ጉድለት ለመሙላት ረድቷል።

ጥበቡ በፈረንሳይ አገር ለሕዝብ የተገለጠው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1839 ነው። በእኛ አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክም ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባል የአርመን ተወላጅ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም የአባታቸውን ሥራ ያዙ። ወደ ገጠር ቤት ግን ፎቶግራፍ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ወታደር ሆኖ የሄደ ልጅ ለእናቱ ላከ፤ አንዱ ለመታወቂያ ወረቀት ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ባልና ሚስት ለገበያ ከተማ በወረዱ ጊዜ በፎቶ ቤት ሥዕል በተሣለበት መጋረጃ ፊት ቆሙ። ስለዚህ በብዙ ቤት የሚገኘው አሮጌ ፎቶግራፍ ከ2 ወይም ከ3 አይበልጥም፤ እርሱም በሣጥን ሥር ተጣጥፎ ወይም በግድግዳ ላይ በምስማር ተቸንክሮ ይኖራል።

የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው፤ የምድጃ ጢስ፥ የክረምት እርጥበት፥ ምስጥና አይጥ ሁሉ ይፈታተኑታል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ፎቶግራፉ ደኅና ሳለ የሰዎቹ ስም መጥፋቱ ነው። አንዲት ባልቴት ባረፈች ጊዜ ልጆቿ ሣጥኗን ቢከፍቱ አራት ሰዎች የቆሙበት ፎቶግራፍ ያገኛሉ እንበል። አንዱ አባታቸው መሆኑን ያውቃሉ፤ የቀሩትን ሦስቱን ግን የሚያውቅ ሰው በመንደሩ የለም። ባልቴቲቱ ከሳምንት በፊት ብትጠየቅ ኖሮ ሁሉንም ከነአባታቸው፥ ከነአገራቸው ትናገር ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በየመንደሩ ይደርሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማስጌጥ ሳይሆን መጠየቅ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን በዕረፍት ቀን ወደ አያቶቻቸው ይላካቸው። ልጁ ፎቶግራፉን በንጹሕና በደረቀ እጅ ዳርና ዳሩን ይዞ፥ አረጋዊውን በደጅ ብርሃን አስቀምጦ፥ ከግራ ወደ ቀኝ እያንዳንዱን ሰው ይጠይቅ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ተነሡት?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም። «ከጣልያን በፊት ነው ወይስ በኋላ? አብዮቱ ሳይመጣ ነው? በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ይህ ልጅ ተወልዶ ነበርን?» ቢባል ግን አረጋዊው አስቦ ይመልሳል። ሁለት ሽማግሌዎች ባይስማሙ የሁለቱም ቃል ይጻፍ እንጂ ልጁ በመካከላቸው ዳኛ አይሁን።

በዚህ ሥራ ውስጥ ኀዘን ሊነሣ ይችላልና ማስተዋል ያስፈልጋል። በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በነበሩት የመከራ ዓመታት ፎቶግራፍ በቤት ማኖር ያስፈራቸው ሰዎች ነበሩ፤ የደበቀም ያቃጠለም አለ። በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተገደሉት ሰዎች ፎቶግራፎች በግድግዳ ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዲት ትንሽ ጉርድ ፎቶግራፍ ምን ያህል ምስክር እንደምትሆን ከዚያ ይታወቃል። አረጋዊው ስለ አንዱ ሰው መናገር ባይወድ ልጁ አያስጨንቀው፤ ስሙን ብቻ ጽፎ ይለፍ።

የተገኘው ስም በፎቶግራፉ ጀርባ፥ በዳር በኩል፥ ለስላሳ በሆነ እርሳስ ሳይጫኑ ይጻፋል። በእስክርቢቶ መጻፍ መልካም አይደለም፤ ቀለሙ ወደ ፊት ሊያልፍ፥ ጫፉም በሰዎቹ ፊት ላይ ሰርጐድ ሊያወጣ ይችላል። በቅርብ ዘመን የታተመው ፎቶግራፍ ጀርባው እንደ ላስቲክ ስለሚያሟልጭ እርሳስ አይዝም፤ የዚህ ዓይነቱ በንጹሕ ወረቀት ይጠቀለልና ስሙ በወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ይጻፋል።

ከዚህ በኋላ ስለ ማስጌጥ መናገር ይቻላል። ነገር ግን የማይታለፍ አንድ ሕግ አለ፤ ዋናው ፎቶግራፍ አይቈረጥም፥ አይለጠፍም፥ በግድግዳም አይሰቀልም። የሚቈረጠውና የሚሰቀለው ግልባጩ ነው። ብዙ ሰዎች ከማኅበር ፎቶግራፍ ውስጥ የወላጃቸውን ፊት ብቻ በመቀስ አውጥተው ሲለጥፉ ይታያል፤ ይህ በደል ነው። የተጣሉት ሰዎች ለሌላ ቤት አባትና እናት ናቸውና።

የሕጉም ምክንያት ከፎቶግራፉ ተፈጥሮ የመጣ ነው። ጥቁርና ነጭ የሆነው አሮጌ ፎቶግራፍ በአብዛኛው የተሠራው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በተቀቀለ ሙጫ ውስጥ ከተበተነ ረቂቅ ብር ነው። ሙጫው እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፥ ያብጣል፤ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለ ፎቶግራፍ መልኩ ይላጣል፥ ከመስተዋት ጋር ተጣብቆ የተሰቀለውም ክረምት ሲመጣ ከመስተዋቱ ጋር አንድ አካል ይሆናል። እንዲህ የተጣበቀ ቢገኝ አይጐተት፤ ከነመስተዋቱ ግልባጩ ይነሣ። ባለ ቀለሙ ፎቶግራፍ ደግሞ በማቅለሚያ የተሠራ ነውና ብርሃን ሲበዛበት ይደበዝዛል። የሚያጣብቅ ፕላስቲክም ለሁለቱ ጠላት ነው፤ ሲያረጅ ቢጫ ሆኖ ዘይቱን በወረቀቱ ላይ ይተዋል።

ግልባጭ ማንሣት ዛሬ ቀላል ሆኗል። ፎቶግራፉ በጥላ ሥር፥ በደጃፍ ብርሃን፥ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ይዘረጋል፤ የእጅ ስልኩም መብራቱ ጠፍቶ ወደ አንድ ጐን ሳያዘነብል ትክክል ከበላዩ ተይዞ ይነሣል። ጀርባውም ጽሕፈት ካለበት እንዲሁ ይነሣ። ከዚያ በከተማ ፎቶ ቤት ይታተማል። በለቅሶ ጊዜ የሟቹን ፎቶግራፍ ይዞ ማልቀስ የአገር ልማድ ነው፤ ለዚያም የሚወጣው ግልባጩ ይሁን። ያለችው አንዲት ፎቶግራፍ በእንባና በእጅ ላብ ስትበላሽ ኀዘኑ እጥፍ ይሆናል።

ለዋናው ማኅደር ይሰፋለት። የብራና መጽሐፍ በማኅደር ሆኖ ብዙ ዘመን እንደ ቈየ ካህናት ያውቃሉ። ለፎቶግራፍ ግን ቆዳ አያስፈልግም፤ ታጥቦ በሚገባ የደረቀ ነጭ አቡጀዲ እንደ ከረጢት ተሰፍቶ፥ በውስጡ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ይገባል። ጋዜጣ አይሁን፤ ጋዜጣ ራሱ ቢጫ ሆኖ ሌላውንም ያቢጫል። ማኅደሩ ከምድጃ በራቀ ቦታ፥ ከመሬት ከፍ ባለ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ለሚሰቀለው ግልባጭ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ክፈፍ ከከተማ ክፈፍ ይልቅ ያምራል፤ ዋጋውም ድካም ብቻ ነው። እናቶች ሰፌድ ሲሰፉ ከመሐል ይጀምራሉ፤ እዚህ ግን ሣሩ አስቀድሞ እንደ ቀለበት ይገጠምና መሐሉ ክፍት ሆኖ በወስፌ ወደ ውጭ ሦስት ወይም አራት ዙር ይሰፋል። የክፍቱ ስፋት ከፎቶግራፉ ወርድ በአንድ ጣት ያነሰ ይሁን። ከኋላው አቡጀዲ የለበሰ ካርቶን ይሰፋል። በቀለም የተነከረው አለላ በመጨረሻው ዙር ብቻ ቢገባ ዓይንን ከፊቱ አያስትም፤ ጌጥ ከበዛ ሰውየው ይረሳልና። መስተዋት የሚወድ ሰው በፎቶግራፉና በመስተዋቱ መካከል ዙሪያውን የካርቶን ድርድር ያግባ።

ግልባጩም ቢሆን በሙጫ ባይለጠፍ ይሻላል። ትንሽ የወረቀት ቁራጭ እንደ ኪስ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታጠፍና አራቱ ጫፎች በአራት ኪስ ይገባሉ፤ ማጣበቂያ የሚነካው ኪሱን ብቻ ነው። ማጣበቂያውም በቤት ይሠራል። አንድ ስኒ ፉርኖ ዱቄት በአራት ወይም በአምስት ስኒ ውሃ ጓጐላ ሳይኖረው ይበጠበጣል፥ በቀስታ እሳት እየተማሰለ እስኪወፍርና እስኪያበራ ይበስላል፥ ሲበርድም በስስ ጨርቅ ይጠለላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ ካደረ ይሻግታልና ትንሽ ትንሽ መሥራት ነው።

ሲሰቀል የደጅ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ይመረጥ። የጭቃ ግድግዳ በክረምት ስለሚረጥብ ከክፈፉ ጀርባ ሁለት የእንጨት ስባሪ ገብቶ ነፋስ ይለፍበት። በፊቱም ስስ ነጭ ጨርቅ ይጋረድ። በአንዳንድ የብራና መጽሐፍ በሥዕሉ ገጽ ላይ ጨርቅ ተሰፍቶ ይገኛል፤ አንባቢው ሲፈልግ ገልጦ ያያል፥ ከዚያም ይመልሰዋል። የቤቱ ፎቶግራፍም እንዲሁ ለእንግዳ ሲገለጥ ክብሩ ይጨምራል፥ ከጢስና ከዝንብም ይድናል።

ብዙ ግልባጭ ያለው ቤተ ሰብ የትውልድ ሐረጉን በአንድ ሰፊ አቡጀዲ ላይ ሊሠራ ይችላል። ከላይ ቅድመ አያቶች፥ ከሥራቸው አያቶች፥ ከዚያ ወላጆችና ልጆች በየክፈፋቸው ተሰፍተው በክር ይያያዛሉ፤ ስማቸውም በጥቁር ክር ይጠለፋል። እዚህ ላይ አንድ ችግር ይገጥማል፤ ከላይ ካሉት መካከል ፎቶግራፍ ያልተነሡት ይበዛሉ፥ ይልቁንም ሴቶቹ። ባል ከተማ ወርዶ ሲነሣ ሚስት ከብትና ልጅ ጠብቃ በቤት ቀርታለች። ፎቶግራፍ የለም ተብሎ ቦታዋ አይዘለል። ለእርሷም እንደ ሌሎቹ ቀለበት ይሰፋላት፤ መሐሉ ነጭ ሆኖ ስሟ፥ ያባቷ ስምና የተወለደችበት አገር ይጠለፍበት። ልጆች ባዶውን ቀለበት አይተው ስለ እርሷ ይጠይቃሉ፤ የሚያስታውስም ካለ መልኳን በቃሉ ይነግራቸዋል። አንዳንድ ጊዜም በሩቅ ዘመድ ቤት፥ በሠርግ ሰዎች መካከል በዳር የቆመች ሆና ትገኛለች። ያን ጊዜ ግልባጩ ተነሥቶ በባዶው ቀለበት ይገባል፤ ዋናው ፎቶግራፍም ወደ ባለቤቱ ሣጥን ይመለሳል።