የእንደራሴው ሦስት መዝገቦች፦ ሹመት፣ ድምፅና ሀብት

በሐዲያና በከምባታ ወረዳዎች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ከመራጩ ሕዝብ ጋር ሲገናኝ የሚነሱት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ማዳበሪያው መቼ ይገባል? መንገዱ መቼ ይጠገናል? የመብራትና የንጹሕ ውኃ ነገርስ ምን ደረሰ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። የስንዴና የገብስ ማሳውን አርሶ ዘር የሚጠብቅ፣ እንሰቱን ከበሽታ የሚከላከል አርሶ አደር ሌላ ምን ይጠይቅ?

ይሁን እንጂ እምብዛም የማይነሱ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። እንደራሴው ምን ዓይነት ኃላፊነት ይዟል? ሕግ ሲወጣ እጁን ለምን አወጣ? ሀብቱና የገቢው ምንጭስ ምንድን ነው? የእነዚህ መልስ ሳይታወቅ ውክልናው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ይሆናል።

ከሐዲያ የተገኘ ምሳሌ

ሦስቱን መዝገቦች ለይቶ ለማየት ከአካባቢው ከወጡ አንጋፋ የፓርላማ ሰዎች የፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስን ታሪክ ማንሳት ይጠቅማል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት ፕሮፌሰር በየነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህርና ተመራማሪ ነበሩ።

የሹመት መዝገባቸው ለማንበብ አስቸጋሪ አይደለም። በሽግግሩ ዘመን 87 መቀመጫዎች በነበሩት የተወካዮች ምክር ቤት ተቀምጠዋል፤ የትምህርት ምክትል ሚኒስትርም ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. በፓሪስ ከተካሄደው የተቃዋሚዎች ጉባኤ ጋር በተያያዘ የደቡብ ኅብረት ድርጅቶች ከምክር ቤቱ ሲወጡ እሳቸውም ከመንግሥት ኃላፊነት ወጡ። በ1992 እና በ1997 ዓ.ም. ምርጫዎች የሐዲያ መራጮች ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ልከዋቸዋል። በ1997ቱ ምርጫ 52 መቀመጫዎችን ያገኘውን የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት በሊቀመንበርነት መርተዋል። ኋላም የመድረክ አመራር፣ ከዚያም የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት ዋና ዳይሬክተር ሆነዋል። ከመንግሥት ሹመት ወደ ተቃዋሚ ወንበር፣ ከተቃዋሚ ወንበርም ተመልሶ ወደ መንግሥት ሹመት የሄደ መንገድ ነው።

ስለ ሹመታቸው ይህን ያህል በቀላሉ መናገር ይቻላል። የድምፅ መዝገባቸው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ቁጥሩ አለ፣ ስሙ የለም

ፕሮፌሰር በየነ በነበሩበት ሦስተኛው የምክር ቤት ዘመን ከባድ ውሳኔዎች ተላልፈዋል። ኅዳር 1999 ዓ.ም. በሶማሊያ ጉዳይ ለመንግሥት ሥልጣን የሰጠው የውሳኔ ሐሳብ በ311 ድጋፍ፣ በ99 ተቃውሞና በ16 ድምፀ ተአቅቦ አለፈ። ሰኔ 2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ በ286 ድጋፍ፣ በ91 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ።

ቁጥሮቹ ለሕዝብ ተነግረዋል። ከ91ዱ እጆች መካከል ከሶሮ፣ ከሌሞ፣ ከባደዋቾ ወይም ከአንጋጫ የመጣው የማን እንደነበር ግን ቁጥሩ አይናገርም። በምክር ቤቱ የተለመደው አሠራር እጅ ማውጣት ነው። አፈ ጉባኤው የደገፉትን፣ የተቃወሙትንና ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉትን አስቆጥረው ውጤቱን ያሳውቃሉ። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ሲታተም ደግሞ የድምፅ ቁጥሩም አብሮ አይወጣም። አርሶ አደሩ አዋጁን ቢያነብ እንኳ የራሱ ተወካይ የት እንደቆመ አያገኝም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። አባሉ በምክር ቤት በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም። ይኸው አንቀጽ ግን መራጩ ሕዝብ አመኔታ ባጣበት ጊዜ አባሉ በሕግ መሠረት ከምክር ቤት አባልነቱ እንደሚወገድ ያስቀምጣል። አባሉ ስለ ድምፁ በፍርድ ቤት አይጠየቅም፤ በመራጩ ፊት ግን ይጠየቃል ማለት ነው። መራጩ ድምፁን ካላወቀ በምን ይጠይቀዋል?

ጉዳዩ ማሳው ድረስ ይመጣል

ይህ የአዲስ አበባ ወሬ ብቻ አይደለም። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 በየቀበሌው ያለውን አርሶ አደር በቀጥታ የሚነካ ነው። ቀድሞ በነበረው አዋጅ ቁጥር 456/1997 የመሬት መጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ የተፈቀደው መሬት ለተከራየ ባለሀብት ነበር። አዲሱ አዋጅ ይህን በር ለአርሶ አደሩም ከፍቷል። ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለተወሰነ ጊዜ አስይዞ ከፋይናንስ ተቋም መበደር ይችላል።

ለምርጥ ዘር፣ ለማዳበሪያና ለበግ ማድለቢያ ብድር ለሚሻ አርሶ አደር ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ብድሩን መመለስ ላቃተው ደግሞ ማሳውን ለዓመታት በሌላ እጅ የሚያኖር አደጋ አለው። የነፍስ ወከፍ ይዞታ በጠበበበት በሐዲያና በከምባታ ደጋ ዕድሉም አደጋውም ይጎላል። ስለዚህ እንደራሴው በረቂቁ ላይ ምን ጠየቀ፣ ምን ተናገረ፣ በመጨረሻስ ድምፁን ለምን ሰጠ የሚለው የቀበሌው ጉዳይ ነው።

ሀብትም መዝገብ አለው

ሦስተኛው መዝገብ የተወለደው ዘግይቶ ነው። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የወጣው የፕሮፌሰር በየነ የፓርላማ ዘመን ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት ነበር። አዋጁ ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና የተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብትና የገቢ ምንጭ እንዲያስመዘግቡ፣ ምዝገባውንም በየሁለት ዓመቱ እንዲያድሱ ያስገድዳል። መዝጋቢው የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው።

ለገጠሩ አንባቢ ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ አለ። በአዋጁ ሀብት ሲባል ቤት፣ መኪናና የባንክ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የመሬት ይዞታና ዕዳም ይጨመራሉ። ስለ መሬት ብድር ድምፅ የሚሰጥ አባል ራሱ ሰፊ መሬት ያለው፣ በአበዳሪ ተቋም አክሲዮን የያዘ ወይም በግብርና ግብዓት ንግድ የተሰማራ ከሆነ መራጩ ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል። ሀብት መያዝ ወንጀል አይደለም። ጥቅሙ ተደብቆ በሕዝብ ስም ድምፅ መስጠት ግን አመኔታን ይሸረሽራል።

በስብሰባው ምን ይጠየቅ?

የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን በየዓመቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይጀምርና እስከ ሰኔ 30 ይዘልቃል፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። አባላት ወደ መራጮቻቸው የሚመጡት ባብዛኛው በዕረፍቱና ከሰኔ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ክረምቱ አርሶ አደሩ በእርሻና በአረም የሚጠመድበት ጊዜ በመሆኑ በስብሰባው የሚገኘው ጥቂት ሰዓት በከንቱ ማለፍ የለበትም።

እንደራሴው የትኛው ቋሚ ኮሚቴ አባል እንደሆነ፣ ከምክር ቤቱ ውጭ ሌላ ሹመት ይዞ እንደሆነ ይጠየቅ። በዓመቱ ከጸደቁት አዋጆች መካከል ግብርናን የሚነኩት ተለይተው በእያንዳንዱ ላይ የሰጠው ድምፅና ምክንያቱ ይነገር። ሀብቱን አስመዝግቦ እንደሆነ፣ ምዝገባውንም በወቅቱ አድሶ እንደሆነ በግልጽ ይመልስ። ጥያቄው በአክብሮት ይቅረብ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

በዚህ በኩል የወረዳና የቀበሌ አመራሮች ድርሻ ቀላል አይደለም። ቃለ ጉባኤው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ፣ ዋና ዋና መልሶቹም በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፉ በቀጣዩ ዓመት ስብሰባው ከዜሮ አይጀምርም። በየደረጃው ያሉ ምክር ቤቶችም ይህንኑ በራሳቸው አባላት ላይ መጀመር ይችላሉ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካላት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው አስፍሯል።

የሐዲያና የከምባታ አርሶ አደር በማኅበሩም ሆነ በዕድሩ መዝገብ ማን ምን እንዳዋጣ፣ ማን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ያውቃል። ለዕድር የሚጠበቅ መዝገብ በመሬቱ ላይ ሕግ ለሚያወጣው እንደራሴ አይበዛበትም።