«ተዕዲል ወድዕ»፦ የቃሉ ፍችና የሠራተኛው መብት



በሶናፑርና በአካባቢው የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ቪዛ ስታሠሩ «ተዕዲል ወድዕ» የሚለውን የዐረብኛ ስያሜ ትሰማላችሁ። «ተዕዲል» ማስተካከል፣ ማቃናት ማለት ነው፤ ሥሩም ፍትሕ የሚል ትርጉም ካለው «ዐድል» ጋር አንድ ነው። «ወድዕ» ማስቀመጥ ከሚለው ግስ ወጥቶ አንድ ሰው ያለበትን ሁኔታ ያመለክታል። በአሠራር ግን በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው ከአገር ሳይወጣ ወደ ሥራና መኖሪያ ፈቃድ የሚዛወርበት ሥርዓት ነው።

ዝውውሩ ተጠናቆ የሥራ ፈቃድ እስኪወጣ ድረስ መሥራት ክልክል ነው። «ሥራውን ጀምሩ፣ ቪዛው ይደርሳል» ብሎ የሚያግባባችሁን አትመኑ፤ ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ደመወዙ ሲቀርበት መብቱን ለማስከበር ይቸገራል። እ.ኤ.አ. ከፌብሯሪ 2 ቀን 2022 ጀምሮ የጸናው የግሉ ዘርፍ የሠራተኛ ሕግ (ቁጥር 33/2021) አሠሪው የምልመላና የቅጥር ወጪን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው እንዳይሰበስብ ይከለክላል። እንዲህ ያለ ክፍያ ከተጠየቃችሁ፣ ደረሰኙንና የስልክ መልእክቱን ጠብቃችሁ ለአገሩ የሰው ሀብትና ኤሚሬታይዜሽን ሚኒስቴር በስልክ ቁጥር 600590000 እንድታመለክቱ እናሳስባለን።